የጠዋት ውልወላና የመኪና ቀለም፦ በግቢ ውስጥ መኪናን ያለ ጭረት ስለማጠብ

በአዲስ አበባ ግቢዎች እንደ ቁርስ የተለመደ የጠዋት ሥራ አለ። ገና 12 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ዘበኛው ወይም ከቤቱ ልጆች አንዱ ግማሽ ባልዲ ውሃና አንድ ያረጀ ቲሸርት ይዞ ይወጣና ሌሊቱን አቧራ የለበሰውን መኪና ከጣሪያው እስከ በሩ ይወለውላል፤ ጨርቁን እየነከረ፣ እየጨመቀ፣ መልሶ እያሻሸ በ10 ደቂቃ ውስጥ አብለጭልጮ ያስረክባል። የእኔም ጥቁር ሰማያዊ መኪና 4 ዓመት ያህል የኖረው እንዲሁ ነበር። አንድ ቀን ወደ 11 ሰዓት ገደማ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ኮፈኑን ከጎን ሳየው፣ የፀሐይዋ ነጸብራቅ ባረፈበት ቦታ ዙሪያ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ቀጫጭን ጭረቶች እንደ ሸረሪት ድር ተጠላልፈው ታዩኝ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት የቀለሙን ጥራት ነው። ለሌላ ጉዳይ ጋራዥ በሄድኩበት ጊዜ ግን አንድ በዕድሜ የገፉ ቀለም ቀቢ ኮፈኑን በስልካቸው መብራት ጎንበስ ብለው ካዩ በኋላ ስለ ቀለሙ አንድም ቃል ሳይናገሩ «ጠዋት ጠዋት የሚወለውላት ማነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

መልሱ በጥያቄያቸው ውስጥ ነበረ። የመኪና ቀለም በአብዛኛው የሚጎዳው መኪናው ስለቆሸሸ ሳይሆን ቆሻሻው በተነሣበት መንገድ ነው። አቧራ ቀለም ላይ አርፎ ጥቂት ቀን ቢሰነብት የሚያደርሰው ጉዳት ትንሽ ነው፤ ያው አቧራ ከጨርቅ ሥር ገብቶ ሲጎተት ግን የብርጭቆ ወረቀት ሥራ ይሠራል። በየጠዋቱ የሚወለወል መኪና በሳምንት አንዴ ከሚታጠብ መኪና ቀድሞ የሚደበዝዘውም በዚህ ምክንያት ነው።

«ክሊር» የሚባለው ስስ ነገር

ጭረቱ የሚያርፍበትን ቦታ ለመረዳት የቀለሙን ንብርብሮች ማወቅ ይጠቅማል። ፋብሪካ ውስጥ ላሜራው መጀመሪያ ዝገትን በሚከላከል ሽፋን ውስጥ ይነከራል፤ በላዩ ፕራይመር የሚባለው መነሻ ቅብ፣ ቀጥሎ ቀለሙ ራሱ፣ በመጨረሻም እንደ መስታወት የሚያሳይና ቀቢዎች «ክሊር» የሚሉት ሽፋን ይደረብበታል። የመኪናው አንጸባራቂነት የሚመጣው ከዚህ ከላይኛው ሽፋን ሲሆን ፀሐይንና ዝናብንም ፊት ለፊት የሚቀበለው እርሱ ነው። የእነዚህ ንብርብሮች ውፍረት የሚለካው የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ በሆነው በማይክሮን ነው። የፋብሪካ ቀለም ሁሉም ንብርብሮች ተደምረው በአብዛኛው ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ይሆናሉ፤ ይህም የአንድ፣ ቢበዛ የአንድ ተኩል የፎቶ ኮፒ ወረቀት ውፍረት ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ የክሊሩ ድርሻ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ያህል ብቻ በመሆኑ ከአንድ የራስ ፀጉር ይቀጥናል።

በዚህ ስስ ሽፋን ላይ የሚያርፈው አቧራ ደግሞ እንደሚመስለው ለስላሳ ዱቄት አይደለም። ከመንገድ፣ ከግንባታ ቦታና ከድንጋይ መፍጫ የሚነሣው ብናኝ በውስጡ ደቃቅ አሸዋ አለበት። አሸዋ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ኳርትዝ የሚባለው ማዕድን በሞስ የጥንካሬ መለኪያ 7 ላይ የሚቀመጥ ሲሆን የመስኮት መስታወት 5 ተኩል ገደማ ላይ ነው። መስታወትን የሚጭር ቅንጣት፣ በባሕርይው ከፕላስቲክ የሚቀራረበውን ክሊር እንዴት እንደሚያደርገው መገመት አያዳግትም። የሲሚንቶ ብናኝ ሲሆን ሌላ ችግር ይጨምራል፤ የሌሊት ጤዛ ሲያርፍበት ቀለምን የሚቆጠቁጥ ለጥ ያለ ሊጥ ይሆንና ፀሐይ ስትወጣ ተጋግሮ ይጠነክራል። ግንባታ ባለበት ሰፈር የሚያድር መኪና ላይ ነጭ ቅርፊት ከታየ በጥፍርም ሆነ በደረቅ ጨርቅ መፈቅፈቅ አያስፈልግም፤ በብዙ ውሃ እየራሰ በራሱ እንዲለቅ መጠበቅ ነው የሚያዋጣው።

ስለ ሸረሪት ድሩ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ብዙ ሰው ጭረቱ ክብ ሆኖ የሚታየው ጨርቁ በክብ ስለዞረ ይመስለዋል። ጭረቶቹ ግን በየአቅጣጫው የተበታተኑ ናቸው፤ ብርሃኑን ወደ ዓይናችን አጉልተው የሚመልሱት ለብርሃኑ አግድም የተኙት ብቻ ስለሆኑ በነጸብራቁ ዙሪያ ክብ የሠሩ ይመስላሉ። ይህን ለማረጋገጥ ማታ የስልክ መብራት አብርቶ ኮፈኑ ላይ ወዲያና ወዲህ ማድረግ ይበቃል፤ ክቡ መብራቱን ተከትሎ ይሄዳል። ጭረቱ በነጭ መኪና ላይም እኩል አለ፤ ነጭ ቀለም ስለሚሸፍነው ብቻ ነው ባለቤቱ ሳያየው የሚኖረው።

ይህን ሁሉ ከተረዳሁ በኋላ ለግቢያችን ዘበኛ «አባባ፣ ከዛሬ ጀምሮ ባይወለወል ይሻላል» ብላቸው «ልጄ፣ አቧራ ለብሳ ከዚህ በር ስትወጣ ሰው የሚወቅሰው ማንን ነው?» አሉኝ። ክብራቸውን የሚነካ ነገር መሆኑን ያኔ ገባኝ። የተስማማነው በመካከል ነው፤ ጠዋት የሚጸዱት መስታወቶቹ፣ ስፖኪዮዎቹ፣ መብራቶቹና ታርጋው ብቻ ሆኑ፤ ቀለም የተቀባው ላሜራ እስከ ቅዳሜ አይነካም። ለመንዳት ደኅንነት የሚያስፈልጉት እነዚህ ብቻ ናቸው፤ መስታወት ደግሞ ከክሊር ይልቅ ታጋሽ ነው፤ ያም ቢሆን ብዙ ውሃ ሳይፈስበት አይወልወል።

በነገራችን ላይ የሰፈር ልጆች አቧራ በለበሰ መኪና ላይ በጣታቸው «እጠቡኝ» ብለው ሲጽፉ የሚጽፉት በአሸዋ ነው። መኪናው ከታጠበ በኋላም ፊደሎቹን በፀሐይ ፊት ማንበብ ይቻላል።

ሳሙናው

በየቤቱ በብዛት የሚገኘው የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ነው። ስለዚህ ዱቄት የሚወራው ግማሹ እውነት፣ ግማሹ የተጋነነ ነው። አንድ ቀን በዱቄት ሳሙና የታጠበ መኪና ቀለሙ አይላጥም። ነገር ግን ዱቄቱ የተሠራው ከጨርቅ ውስጥ ቅባትና እድፍ ለማውጣት በመሆኑ የአልካላይነት (የአሲድ ተቃራኒ የሆነው ባሕርይ) መጠኑ ከፍ ያለ ነው፤ በመኪናው ላይ የተቀባ ሰም ካለ አጥቦ ይወስደዋል፤ ጎማና ጥቁር ፕላስቲክንም በጊዜ ብዛት ያደርቃል። ከዚህ የባሰው ግን ሳይሟሟ የቀረው ቅንጣት ነው፤ ዱቄቱን በስፖንጅ ላይ ነስንሶ በቀጥታ ቀለም ላይ ማሸት በአቧራው ላይ ሌላ አቧራ መጨመር ነው። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ቅንጣት ስለሌለው ከዱቄቱ ይሻላል፤ ሆኖም እርሱም የተሠራው ቅባት ለመቁረጥ ስለሆነ ሰሙን ይዞ ይሄዳል። መኪናውን አዲስ ሰም ከመቀባት በፊት አሮጌውን ለማንሣት ሲፈለግ ብቻ ቢጠቀሙበት ጥሩ ነው።

የመኪና ሻምፑ የሚለየው በመዓዛው ወይም በአረፋው ብዛት አይደለም። በአብዛኛው አሲድም አልካላይም ያልሆነ ነው፤ ዋናው ጥቅሙ ግን ውሃውን የሚያሙለጨልጭ ማድረጉ ነው። በጨርቁና በቀለሙ መካከል ስስ የሆነ ተንሸራታች ሽፋን ይሠራል፤ የአሸዋው ቅንጣትም ቀለሙን ሳይቆፍር ተንሸራትቶ ወደ ጨርቁ ፀጉር ውስጥ ይገባል። ሻምፑው በጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው መጠን አብዝቶ ቢጨመር ግን ለማለቅለቅ ያስቸግራል እንጂ የተሻለ አያጸዳም።

ናፍጣና ነጭ ጋዝን በተመለከተ የማያሻማ ነገር መናገር ያስፈልጋል። በብዙ ላቫጆዎች ከመኪናው ሥር ያለውን ግራሶ ለማስለቀቅ፣ አልፎም ጎማው ጥቁር ሆኖ እንዲያብረቀርቅ ናፍጣ ይረጫል። ለአንድ ቀን ያምራል። ነገር ግን የነዳጅ ውጤቶች የጎማ ዕቃዎችን ያሳብጣሉ፤ ከመኪናው ሥር ያሉት ጎሚኒዎችና የአቧራ መከላከያ ጎማዎች እያበጡና እየላሉ ይሄዳሉ፤ የቀረው ቅባትም ሲመሻሽ የመንገዱን አቧራ ሁሉ ይሰበስባል። ለቤት እጥበት ናፍጣ ፈጽሞ አያስፈልግም።

በፈረቃ ውሃ ማጠብ

የውጭ አገር መመሪያዎች ሁሉ ከቧንቧ ጋር የተያያዘ ጎማ እንዳለ ቆጥረው ይጀምራሉ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሮቶውን ውሃ መኪና ላይ ማፍሰስ ለሕሊናም ለቤት ሰላምም አይመችም። ጎማው በደቂቃ 10 ሊትር ቢያፈስ በ20 ደቂቃ 200 ሊትር ይሄዳል። ይሁን እንጂ ቅድመ ማለቅለቁን መተው አይቻልም፤ ከእጥበቱ ሁሉ ቀለሙን የሚያድነው ይህ ክፍል ነው። ዓላማው ጨርቅ ላሜራውን ከመንካቱ በፊት የሚነሣው አቧራ ሁሉ በውሃ ብቻ እንዲነሣ ማድረግ ነው።

እኔ ያገኘሁት መፍትሔ ገበሬዎች ለፀረ ተባይ መርጫ የሚጠቀሙበትን በጀርባ የሚታዘል 16 ሊትር የሚይዝ ፓምፕ ነው። አዲስ መሆን አለበት፤ መድኃኒት የተረጨበት ፓምፕ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ለጤናም አደገኛ ነው። በዚህ ፓምፕ ከጣሪያው ጀምሮ ወደ ታች እየረጩ፣ ውሃው አቧራውን እየያዘ እንዲወርድ ማድረግ ይቻላል። ግማሹን ውሃ ረጭቶ ሦስት ወይም አራት ደቂቃ መታገሥ፣ ከዚያ ቀሪውን መርጨት በአንድ ጊዜ ሁሉንም ከማፍሰስ ይሻላል፤ የደረቀ ጭቃ ለመራስ ጊዜ ይፈልጋል። በተለይ የክረምት ጭቃ በፓራፋንጎው ጠርዝና በበሮቹ ታችኛ ክፍል ላይ እንደ ምርጊት ስለሚለጠፍ ጣት ሳይነካው በውሃ ብቻ እስኪወርድ መጠበቅ የግድ ነው። በኃይል ውሃ የሚረጭ ማሽን ያለው ሰው ደግሞ አፍንጫውን ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ማራቅ አለበት፤ ቀለሙ የተላጠ ወይም በስቱኮ የተጠገነ ቦታ ላይ የቀረበ የውሃ ግፊት ቀለሙን እንደ ልጣጭ ሊያነሣው ይችላል።

ከዚያ ሁለት ባልዲዎች ይዘጋጃሉ። በአንዱ ሻምፑ የተቀላቀለበት ውሃ፣ በሌላው ንጹሕ ውሃ ይሞላል፤ እያንዳንዳቸው 10 ሊትር ቢይዙ ይበቃል። ጓንቱ ወይም ጨርቁ ከሻምፑው ባልዲ ተነክሮ አንድ በር ወይም አንድ ፓራፋንጎ ያጥባል፤ ወደ ሻምፑው ባልዲ ከመመለሱ በፊት ግን በንጹሑ ውሃ ውስጥ በደንብ ታሽቶ አሸዋውን ማራገፍ አለበት። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን በአንድ ባልዲ ሲታጠብ የሚሆነውን ማየት የሚፈልግ ሰው ሥራው ሲያልቅ ውሃውን ቀስ ብሎ ያጥልል፤ ከባልዲው ሥር የሚቀረው በጣት መካከል የሚንኮሻኮሽ ደለል ከግማሽ ሰዓት በፊት ጨርቁ ውስጥ ሆኖ ኮፈኑ ላይ ሲዞር የነበረ ነው። በሁለቱ ባልዲዎች ውስጥ ከሥራቸው ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ወንፊት ወይም የተገለበጠ ማጥለያ ቢቀመጥ ደለሉ ተመልሶ እንዳይነሣ ይረዳል።

ስለ ጨርቁም እንዲሁ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አሮጌ ቲሸርትና ስስ ስፖንጅ ገጻቸው ለጥ ያለ ስለሆነ አሸዋው የሚገባበት ቦታ የለውም፤ በላሜራውና በጨርቁ መካከል ተሰንጎ ይቀራል። ፀጉር ያለው የማይክሮፋይበር (እጅግ ቀጫጭን ሰው ሠራሽ ክር) ጓንት ወይም ፎጣ ግን ቅንጣቱን ወደ ውስጥ ስቦ ከቀለሙ ያርቀዋል። ፎጣ የሚጠቀም ሰው አራት ቦታ አጥፎ አንዱ ፊት ሲቆሽሽ ወደ ሌላው ቢገለብጥ በአንድ ፎጣ ስምንት ንጹሕ ፊት ያገኛል። መሬት የወደቀ ጨርቅ የዕለቱ ሥራው አብቅቷል፤ አንድ ላቫጆ ውስጥ ከጠጠር ላይ የተነሣ ስፖንጅ ሳይታጠብ በቀጥታ ወደ መኪናዬ ኮፈን ሲሄድ ዓይኔ እያየ ለማስቆም ሳልደርስ የቀረሁበትን ቀን እስከ ዛሬ አልረሳም።

እጁ የሚሄደው ቀጥ ባለ መስመር፣ በኮፈኑና በጣሪያው ላይ ከፊት ወደ ኋላ፣ በበሮቹም ላይ ከጎን ወደ ጎን ይሁን። ቀጥ ብሎ ማጠብ ጭረትን አያስቀርም፤ ነገር ግን ጭረት ቢፈጠር ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ስለሚተኛ ከአንድ ወገን ብቻ ይታያል። ጨርቁን መጫን አያስፈልግም፤ የራሱ ክብደት ይበቃዋል። ሥራው ከጣሪያው ይጀምርና በመስታወቶቹ፣ በኮፈኑና በበሮቹ የላይኛ ግማሽ አልፎ ወደ ታች ይወርዳል፤ የበሮቹ ታችኛ ክፍልና ፓራውልቱ ጎማ የሚረጨው አሸዋ ሁሉ የሚያርፍባቸው ስለሆኑ መጨረሻ ላይ በሌላ ጨርቅ ይታጠባሉ። ቸርኬና ጎማ የራሳቸው ባልዲና የራሳቸው ብሩሽ ይኑራቸው፤ ከፍሬን ሸራው የሚረግፈው ጥቁር ዱቄት የብረት ብናኝ ስላለበት ያ ብሩሽ ቀለም ላይ እንዳይደርስ። ገና ከመንገድ የገባ መኪና ቸርኬው ግሎ ስለሚቆይ መጀመሪያ ይቀዝቅዝ።

ሰዓቱም ይመረጥ። ላሜራው ሲግል ሻምፑው ሳይለቀለቅ ይደርቃል፤ ስለዚህ ማለዳ ወይም ፀሐይ ስትጠልቅ በጥላ ሥር ማጠብ ነው። ኮፈኑ ላይ መዳፍን አሳርፎ ሳይቸገሩ ማቆየት ካልተቻለ ለማጠብ ገና ነው ማለት ነው።

ማድረቅና የውሃ ነጥብ

የታጠበ መኪና በአየር እንዲደርቅ መተው ጊዜ ይቆጥባል፤ ዋጋው ግን የውሃ ነጥብ ነው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተው የጉድጓድ ውሃ መኪናም ላይ ያንኑ ያደርጋል፤ ውሃው ይተንና ካልሲየሙና ማግኒዥየሙ ክብ ቀለበት ሠርተው ይቀራሉ፤ ፀሐይ ደጋግማ ካገኘቻቸው በክሊሩ ላይ ተነክሰው ይቀመጣሉ። ስለዚህ ትልቅ ማይክሮፋይበር ፎጣ ላሜራው ላይ ዘርግቶ በእጅ ቀስ ብሎ መታ መታ እያደረጉ ወይም በዝግታ እየጎተቱ ውሃውን ማስመጠጥ ያስፈልጋል። የመስኮት መጥረጊያ ጎማ ለመስታወት እንጂ ለቀለም አይሆንም፤ አንዲት አሸዋ ከሥሩ ከገባች ከጫፍ እስከ ጫፍ መስመር ታሠምራለች። በቅርብ የታየ የውሃ ነጥብ ኮምጣጤን በእኩል ውሃ አቅጥኖ በጨርቅ ለአንድ ደቂቃ ያህል በማርጠብና ወዲያው በብዙ ውሃ በማለቅለቅ ብዙውን ጊዜ ይለቃል።

«ዝናብ ያጥባታል» የሚለው አባባልም የሚያስኬድ አይደለም። የመጀመሪያው ካፊያ በአየር ላይ ያለውን አቧራ ይዞ ይወርድና ሲደርቅ መኪናውን ዝንጉርጉር አድርጎት ይሄዳል። ከባድ ዝናብ ካበቃ በኋላ ግን ላሜራው ገና እርጥብ እያለ ማጠብ ውሃ ለሚቆጥብ ሰው ጥሩ ዕድል ነው፤ ቅድመ ማለቅለቁን ሰማይ ሠርቶታል።

ለሳምንቱ እጥበት የማይቆዩ ነገሮች አሉ። የወፍ ኩስ ዩሪክ አሲድ አለበት፤ በቀን ፀሐይ ላሜራው ሲግል ክሊሩ ስለሚላላ አሲዱ በሰዓታት ውስጥ ምልክት ሊተው ይችላል። እርጥብ ጨርቅ ለ5 ደቂቃ ያህል አልብሶ ሲለሰልስ ወደ ላይ ማንሣት እንጂ ማሸት አይገባም፤ ወፎች ጥሬና አሸዋ አብረው ይበላሉና። ከጥድና ከሌሎች ዛፎች የሚንጠባጠብ ሙጫ እየቆየ ሲሄድ ስለሚጠነክር ትኩስ ሳለ በሞቀ ውሃ ማንሣት ይቀላል። አዲስ ከተነጠፈ አስፋልት የሚረጭ ሬንጅ ደግሞ ጥቂት የምግብ ዘይት ተቀብቶ ትንሽ ሲቆይ ይለሰልሳል፤ ከዚያ ቦታው በሻምፑ ይታጠባል። ቲነር ቀለሙንም አብሮ ሊያነሣ ስለሚችል እጅ እንዳይገባበት።

ታጥቦ የማይለቀው ሻካራ

በደንብ የታጠበ መኪና ላይ እጅን በስስ ፌስታል ሸፍኖ ኮፈኑን ቀስ ብሎ መዳሰስ የሚያስገርም ነገር ያሳያል። ፌስታሉ የጣትን ስሜት ስለሚያጎላ ለዓይን የማይታይ ሻካራ እንደ ደቃቅ ብጉር ይሰማል። ይህ በአብዛኛው ተነክሶ የቀረ የብረት ብናኝ ነው። በር ከሚበየድበትና ብረት በግራይንደር ከሚቆረጥበት ሱቅ አጠገብ የሚቆም መኪና ላይ የሚበረውን ፍንጣሪ ያየ ሰው ምንጩን ያውቃል፤ የጋለው ቅንጣት ክሊሩን አቅልጦ ይቀመጥና ዝናብ ሲመጣ ዝጎ ቡናማ ነጥብ ይሆናል። የሚነሣው ለዚሁ በተሠራ፣ እንደ ሊጥ በሚለሰልስ የመኪና ክሌይ ነው። ክሌዩ በሻምፑ ውሃ እየራሰ ሳይጫኑት ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል፤ ቅንጣቱን ነቅሎ ይይዛል፤ በየጊዜው ታጥፎ ንጹሕ ፊቱ ይወጣል። መሬት ከወደቀ ይጣላል፤ ውድ ነው ብሎ አጥቦ መመለስ አይቻልም። በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ከተሠራ በቂ ነው፤ ክሌይ ራሱ ቀላል ጭረት ሊተው ስለሚችል በየወሩ የሚሠራ ሥራ አይደለም።

ፖሊሽና ሰም በብዙ ሰው አእምሮ አንድ ናቸው፤ ሥራቸው ግን ተቃራኒ ነው። ፖሊሽ፣ ኮምፓውንድ የሚባለውም ጠንካራ ዓይነቱ፣ በውስጡ ደቃቅ መፈግፈጊያ አለው፤ ጭረቱን የሚያጠፋው ሞልቶት ሳይሆን በዙሪያው ያለውን ክሊር እስከ ጭረቱ ጥልቀት ድረስ ልጦ ነው። በአንድ ጠንከር ያለ ሥራ ጥቂት ማይክሮን ይሄዳል። ሲጀመር 40 ማይክሮን ብቻ የነበረው ሽፋን በየበዓሉ «ፖሊሽ» እየተደረገ ስንት ዓመት እንደሚቆይ ማስላት ቀላል ነው፤ የብዙ መኪናዎች ጣሪያና ኮፈን እንደ ለምጽ ነጭ ሆኖ የሚላጠው ክሊሩ በፀሐይም በፍግፈጋም ሲያልቅ ነው። ጭረቱ ጥፍርን የሚይዝ ከሆነ ፖሊሽ አይደርስለትም፤ የቀለም ቀቢ ሥራ ነው። ሰም ግን ምንም ሳይልጥ በላይ የሚቀመጥና ራሱን መሥዋዕት የሚያደርግ ሽፋን ነው። ካርናውባ የሚባለው ከብራዚል የዘንባባ ዓይነት ቅጠል የሚገኘው ሰም ከጥቂት ሳምንታት እስከ ሁለት ወር ገደማ ይቆያል፤ በፋብሪካ የሚቀመሙት ሰው ሠራሽ ሽፋኖች ረዘም ይላሉ። ሴራሚክ የሚባለው ደግሞ ለዓመታት ሊቆይ ቢችልም ጭረት አይነካውም የሚለው የሻጮች ወሬ ነው፤ በደረቅ ጨርቅ ከተወለወለ እርሱም ይጫራል።

ለአዲስ አበባ ሰው ሰም ከጌጥነት ያለፈ ጥቅም አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር መጠን ወደ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ በመሆኗ አየሩ ቢቀዘቅዝም ፀሐይዋ ቀለም ላይ ትበረታለች። ሰሙ ከዚህ የሚያድነው በከፊል ነው፤ ዋናው መድኃኒት ጥላ ነው። ሸራ ማልበስም መልካም ነው፤ ነገር ግን አቧራ በለበሰ መኪና ላይ የሚለብስ ሸራ ነፋስ ባወዛወዘው ቁጥር ሌሊቱን ሙሉ ሲፈገፍግ ያድራል። ሸራ ለታጠበ መኪና ብቻ ነው፤ ሲነሣም ከውጭ ያለው አቧራ ወደ ውስጥ እንዳይዞር ሆኖ ይታጠፍ።

በአገራችን ጋራዦች እንደገና የተቀቡ መኪናዎች የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። አዲስ ቀለም ላዩ ቢደርቅም ውስጡ ቲነሩን አውጥቶ እስኪጨርስ ሳምንታት ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ከ30 እስከ 90 ቀን ሰም ባይቀባ ይመረጣል፤ ሰሙ መውጫውን ይዘጋበታል። አንዳንድ መኪናዎች፣ በተለይ ነጭና ቀይ የሆኑ አሮጌዎች፣ ጭራሹን ክሊር የላቸውም። ይህን ለማወቅ በማይታይ ጥግ ላይ በነጭ ጨርቅ ጥቂት ፖሊሽ አሸት አድርጎ ማየት ይበቃል፤ ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ ክሊር የለም ማለት ነው።

የፊት መብራትን በጥርስ ሳሙና ማሸት በየማኅበራዊ ገጹ የሚመከር ዘዴ ነው። ይሠራል፤ ችግሩም እሱ ነው። የጥርስ ሳሙናው የደበዘዘውን ገጽ ልጦ ሲያጸዳ የፀሐይ መከላከያ ሽፋኑን ትርፍራፊ አብሮ ያነሣል፤ በላዩ አዲስ መከላከያ ካልተቀባ መብራቱ ከበፊቱ ፈጥኖ ቢጫ ይሆናል። ሞተርን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፤ ሲቀዘቅዝ በእርጥብ ጨርቅና በብሩሽ ማጽዳት እንጂ ውሃ በኃይል አይረጭበት፤ ዲናሞው፣ የኤሌክትሪክ ሶኬቶቹና ካንዴላዎቹ ውሃ አይወዱም።

መኪናው ከታጠበ በኋላ ወዲያው ጥቂት ሜትር ነድቶ ፍሬኑን ቀስ ብሎ ሁለት ሦስት ጊዜ መያዝ ዲስኮቹን ያደርቃል፤ ሳይነዳ ካደረ ጠዋት ቀጭን ዝገት ለብሰው ይገኛሉ። ፎጣዎቹ ለብቻቸው፣ ከልብስ ጋር ሳይቀላቀሉ፣ በፈሳሽ ሳሙና ይታጠባሉ፤ የልብስ ማለስለሻ ፀጉራቸውን ስለሚደፍነው አይጨመርባቸውም፤ የቸርኬው ፎጣም ከላሜራው ፎጣ በቀለሙ የተለየ ቢሆን አይሳሳቱም። በእኛ ግቢ ሰማያዊዎቹ የላሜራ፣ ቢጫዎቹ የቸርኬ ናቸው፤ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ቢጫ ፎጣ ይዤ ወደ ኮፈኑ ስጠጋ ከበሩ ሥር «ልጄ፣ ተሳስተሃል» የሚሉኝ አባባ ናቸው።